ትኬት ከመቁረጥ በፊት ገጽ መግለጥ

የብራይተንን ጨዋታ የሚያይ ሁሉ ቶኒ ብሉምን ያውቃል ማለት አይደለም። ሰውየው ጎል አያገባም፣ አሰላለፍ አያወጣም፣ ሜዳ ዳር ቆሞ አይጮህም። ግን እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የክለቡ አለቃ እሱ ነው። ከዚያ በፊት ምን ነበር ቢሉ... ቁማርተኛ! አዎ፣ በእግር ኳስ ውርርድና በፖከር ስሙ የተጠራ፣ በካርታው ጠረጴዛ ዙሪያ «እንሽላሊቱ» የሚል ቅጽል የወጣለት ቁማርተኛ። እሱ ሲረከበው በእንግሊዝ ሦስተኛ እርከን ላይ ይዳክር የነበረው ክለብ በ2017 ፕሪምየር ሊግ ገባ። በ2022/23 የውድድር ዘመን ስድስተኛ ሆኖ ጨርሶ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የአውሮፓ ውድድር ትኬት ቆረጠ። ሞይሰስ ካይሴዶን በጥቂት ሚሊዮን ፓውንድ አምጥቶ፣ እስከ 115 ሚሊዮን ፓውንድ ሊደርስ በሚችል ሂሳብ ለቼልሲ ያስረከበውም ይኸው ክለብ ነው።

ብሉም ብቻውን አይደለም። የብሬንትፎርዱ ማቲው ቤንሃምም ሀብቱን ያገኘው ከውርርድ ሥራ ነው። በ2012 ከልጅነቱ ጀምሮ የሚደግፈውን ክለብ ያዘ። በ2014 የዴንማርኩን ሚድቲላንድ ጨመረ፤ ሚድቲላንድም በዓመቱ የአገሩ ሻምፒዮን ሆነ። ብሬንትፎርድ ደግሞ በ2021 ከ74 ዓመት በኋላ ወደ ከፍተኛው ሊግ ተመለሰ። ሁለቱ ቁማርተኞች ክለብ ሲያስተዳድሩ ከዱሮ ተጫዋቾችና ከነጋዴዎች የተሻሉት በምን ይሆን? ኳስ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ ጠፍቶ አይደለም። እርግጠኛ ባልሆኑበት ነገር ላይ እንዴት እንደሚወሰን ስለሚያውቁ ነው።

በፖከሩ ዓለም ደግሞ የቆየ ልማድ አለ። ጎበዝ ተጫዋች «የትኛው መጽሐፍ አሻሻለህ?» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚጠራው ውስጡ አንድም ካርታ የሌለበትን መጽሐፍ ነው። ስለ ሰው አእምሮ፣ ስለ ዕድል ስሌት፣ ስለ ኪሳራና ስለ ትዕግሥት የተጻፈውን። ካርታውንማ ማንም ይማረዋል። አስቸጋሪው የገዛ ራስን ጭንቅላት መማር ነው።

ታዲያ ይሄ ለእኛ ሰው ምኑ ነው? ኢትዮጵያ ውስጥ ፖከር የሰፈር ጨዋታ አይደለም። ካርታ ከተባለ ኮንከሩ ይበቃል። ሐሳብ፣ ዕድልና ገንዘብ አንድ ላይ የሚቦኩበት የእኛ ጠረጴዛ ሌላ ነው፤ የስፖርት ውርርድ! ከአዲስ አበባ ጀምሮ እስከ ደሴ፣ ከደሴም በቦሩ ሜዳ በኩል ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው እስከሚያገኟት ኩታበር፣ ከዚያም ወዲያ በምዕራቡ የደቡብ ወሎ ደጋ እስከ መካነ ሰላም ድረስ ጋቢውን ተከናንቦ ፕሪምየር ሊግ የሚያይ ወጣት ሞልቷል። እንግዲህ እንበልና ከነዚህ አንዱ ኩታበር ውስጥ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ነው። ስም አያስፈልገውም፤ በየከተማው አለ። ሳምንቱን ሙሉ ለፍቶ ቅዳሜ አሥር ጨዋታ ደርድሮ 100 ብር ያስይዛል። ዘጠኙ ይገባል፣ በአንዱ ይቃጠላል። እሁድ ያስመልሳል፣ ሰኞ ይበደራል። ይህ ልጅ ቡድኖቹን ከማንም በላይ ያውቃል። የጎደለው የኳስ እውቀት አይደለም። የሚያስፈልገው ኳስ የሌለበት መጽሐፍ ነው።

ባየርንን የመረጠ ሞኝ ነበር?

እ.ኤ.አ. ግንቦት 19 ቀን 2012 ሙኒክ። ባየርን በገዛ ሜዳው ከቼልሲ ጋር ለቻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫ ይጫወታል። ባየርን 20 የማዕዘን ምት አገኘ፣ ቼልሲ አንድ! በ83ኛው ደቂቃ ሙለር ሲያገባ «አለቀ» ያላለ የለም። ከአምስት ደቂቃ ገደማ በኋላ ድሮግባ በዚያችው በአንዷ የማዕዘን ምት አቻ አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት ሮበን ፍጹም ቅጣት ምት መታ፣ ቼክ ያዘበት። ከዚያ በመለያ ምት 4 ለ 3 ዋንጫው ወደ ለንደን ሄደ።

በማግስቱ ባየርንን የመረጠው ሁሉ ሞኝ ተባለ፣ ቼልሲን የመረጠው ሁሉ ነቢይ ሆነ። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። ያ ጨዋታ አሥር ጊዜ ቢደገም ባየርን ብዙውን ይወስድ ነበር ብሎ መከራከር ይቻላል። ውሳኔና ውጤት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጥሩ ውሳኔ ክፉ ውጤት ሊያመጣ ይችላል። ክፉ ውሳኔም አንዳንዴ ብር ይዞ ይመጣል፤ ይሄኛው እንዲያውም የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ሰውየው ስህተቱን ጥበብ አድርጎ ይዞት ይኖራል።

ይህን ነገር አፍታትተው ከሚያስረዱት መጻሕፍት አንዱ የአኒ ዱክ «በውርርድ ማሰብ» ነው። ዱክ ራሷ ስመ ጥር የፖከር ተጫዋች ነበረች። በ2018 ያወጣችው መጽሐፍ ግን የካርታ ትምህርት አይደለም፤ ስለ ሥራ፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ስፖርት ውሳኔ ነው። ጭብጡ ለኩታበሩ ልጅ ሲተረጎም ይህን ይመስላል። ቅዳሜ ማታ «በላሁ ወይስ ተበላሁ?» ብሎ መጠየቅ ምንም አያስተምርም። «ትኬቱን ስቆርጥ ምን አውቅ ነበር? ምንስ ሳላጣራ ቀረሁ?» ማለት ነው የሚያስተምረው። ጨዋታው ካለቀ በኋላ መተንተንማ ለማን ይገድዋል? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉ የለም?

አሠልጣኙ ስለጮኸ ነው ወይ?

ፕሮፌሰር ዳንኤል ካህነማን በ2002 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙ የሥነ ልቦና ሰው ናቸው። በ2011 «ማሰብ፣ ፈጥኖና ዘግይቶ» ሊባል የሚችለውን ወፍራም መጽሐፋቸውን አወጡ፣ በ2024 አረፉ። በመጽሐፉ ውስጥ እያንዳንዱ የኳስ ደጋፊ ሊያነበው የሚገባ አንድ ታሪክ አለ። ለእስራኤል አየር ኃይል የበረራ አስተማሪዎች ትምህርት ሲሰጡ አንዱ አስተማሪ ተነስቶ ይሞግታቸዋል። ተማሪ አሳምሮ ሲበር አመሰግነዋለሁ፣ በሚቀጥለው ይበላሽበታል። ሲያበላሽ እጮህበታለሁ፣ በሚቀጥለው ያሻሽላል። ስለዚህ ምስጋና ይጎዳል፣ ጩኸት ይጠቅማል!

ካህነማን ነገሩ እንዲያ እንዳልሆነ ገባቸው። በጣም ያሳመረም በጣም ያበላሸም ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ተለመደው ደረጃው የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ነው። ጩኸቱም ምስጋናውም ላይኖሩ ይችሉ ነበር፤ ውጤቱ ያው ነው።

አሁን ይህን ወደ ሜዳ እናምጣው። ክለብ አምስት ጨዋታ በተከታታይ ሲሸነፍ አሠልጣኝ ይባረራል። አዲሱ ይመጣል፣ ሁለት ያሸንፋል። «ተአምረኛ!» ይባልለታል፣ ተወራራጁም ኪሱን ይዞ ይከተለዋል። ክለቡ ግን መጀመሪያውኑ አምስት ጊዜ ተከታትሎ የሚሸነፍ ክለብ ላይሆን ይችላል፤ ወደ ልኩ ነው የተመለሰው። ባለፈው ሳምንት አራት ጎል ያገባው አጥቂም በዚህ ሳምንት አንድም ሳያገባ ሲወጣ «ሰነፈ» ይባላል። አልሰነፈም፤ እሱም ወደ ልኩ ተመለሰ። ደህና ተወራራጅ ያለፈውን ቅዳሜ ብቻ አያይም፣ ያለፈውን ዓመትም ያያል።

ካህነማንና የሥራ ባልደረባቸው አሞስ ተቨርስኪ በ1979 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ሌላ ቁስል ይነካል። ሰው 100 ብር ሲያገኝ ከሚሰማው ደስታ ይልቅ 100 ብር ሲያጣ የሚሰማው ሕመም እጅግ ይበልጣል፤ ኋላ የተደረጉ ልኬቶች እጥፍ ገደማ ያደርሱታል። ከዚህም የተነሳ የተበላ ሰው ይደፍራል። ቅዳሜ 100 ብር የሄደበት፣ እሁድ 300 የሚያስይዘው የእሁዱን ጨዋታ ስላወቀው ነው? አይደለም፤ የቅዳሜው ስላመመው ነው።

ፊታውራሪ መሸሻና የእሁድ ማስመለሻ

ለዚህ ሕመም የውጭ መጽሐፍ ብቻ መፈለግ አያሻም። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በየቤቱ አለ። ብዙው ሰው የሚያስታውሰው ሰብለወንጌልንና በዛብህን ነው። ስለ ውሳኔ መማር የሚፈልግ ግን ፊታውራሪ መሸሻን ያንብብ። ፊታውራሪ ከባላገሮቻቸው ጋር በግብር ነገር ሲጣሉ ማፈግፈግ ውርደት ሆኖ ታያቸው። ያለፈው ክብር የወደፊቱን አካሄድ ወሰነባቸው። የጎጃም ባላገር ምን ያደርገኛል ብለው ዘመቱ፣ በአበጀ በለው እጅ ተማረኩ። የሄደውን ለማስመለስ ያላቸውን ሁሉ የሚያስይዝ ሰው መጨረሻው ይሄ ነው።

በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ጉዱ ካሳ አሉ። ሰው ሁሉ እንደ እብድ የሚያያቸው፣ ግን ማንም መስማት የማይፈልገውን ነገር የሚናገሩ ሰው። እያንዳንዱ ተወራራጅ አንድ ጉዱ ካሳ ያስፈልገዋል። «ኧረ በሞቴ፣ ማንቸስተር ሲቲን ማን ይጠራጠራል?» ሲል «እኔ እጠራጠራለሁ፣ ምክንያቱም...» የሚለው ጓደኛ። በቡድን ተሰብስበው ትኬት የሚቆርጡ ልጆች ግን ብዙ ጊዜ የሚያደርጉት የተገላቢጦሽ ነው፤ የሚጠራጠረውን «አታሟርት!» ብለው ያባርሩታል።

ከሩቅ አገር ደግሞ ዶስቶየቭስኪ አለ። ሩሲያዊው ደራሲ የሩሌት ሱሰኛ ነበር። በ1866 አሳታሚው በከባድ ውል ጠፈነገው፤ እስከ ኅዳር መጀመሪያ አዲስ ልብ ወለድ ካላስረከበ ለዘጠኝ ዓመት የሚጽፈውን ሁሉ አሳታሚው ያለ ክፍያ እንዲያትም የሚፈቅድ ውል! ደራሲው አና የምትባል ጸሐፊ ቀጥሮ፣ ቃል በቃል እያስጻፈ «ቁማርተኛው»ን በ26 ቀን ጨረሰ። በሚቀጥለው ዓመትም አናን አገባት። ትልቁ ትምህርት ግን ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። የቁማርተኛን ልብ እንዲያ አድርጎ የገለጠ ሰው፣ መጽሐፉን ጽፎ ከጨረሰ በኋላም ቁማሩን ለመተው እስከ 1871 ፈጅቶበታል። ማወቅና ማድረግ ለየቅል ናቸው። መጽሐፍ ያነበበ ሁሉ ዳነ ማለት አይደለም።

የቴሌግራሙ ነቢይ

ናሲም ታለብ የሊባኖስ ተወላጅ የገንዘብ ገበያ ነጋዴ ነበር። በ2001 ያወጣው «በአጋጣሚ መታለል» የሚል ትርጉም ሊሰጠው የሚችል መጽሐፍ፣ ዕድል ያነሳውን ሰው ሊቅ አድርገን እንደምናይ ያሳያል። ነገሩን በእኛ ሂሳብ እንሥራው።

አንድ ብልጥ 1,024 ሰዎች ጋር መልእክት ይልካል። ለግማሾቹ «ዛሬ አርሰናል ያሸንፋል» ይላል፣ ለግማሾቹ «አያሸንፍም»። ከጨዋታው በኋላ ትክክለኛው ትንቢት የደረሳቸው 512 ሰዎች ይቀራሉ። ለእነሱ ደግሞ ስለ ሌላ ጨዋታ እንዲሁ ለሁለት ከፍሎ ይልካል። 256 ይቀራሉ። 128፣ 64፣ 32... ከአሥረኛው ጨዋታ በኋላ አንድ ሰው ይቀራል። ያ ሰው አሥር ጨዋታ በተከታታይ ሲገባ በዓይኑ አይቷል! «ይሄ ሰው የውስጥ መረጃ አለው» ብሎ ቢምል ማን ይፈርድበታል? ቀጣዩን ትንቢት በገንዘብ ሲሸጡለትም ይገዛል። ነቢዩ ግን ስለ ኳስ አንዲት ነገር ማወቅ አላስፈለገውም።

ማታለልም ሳይኖር ነገሩ ያው ነው። ሺህ ሰዎች በየሳምንቱ ትኬት ከቆረጡ አንዱ በዕድል ይበላል። የሚለጠፈው የእሱ ትኬት ነው። የተቃጠሉት 999 ትኬቶች የት አሉ? መንገድ ላይ ተቀዳደው ወድቀዋል። ሌስተር ሲቲ በ2015/16 አንድ ለ5,000 ተሰጥቶት ሻምፒዮን መሆኑን ዓለም ሁሉ ያስታውሳል። በየዓመቱ የዚያን ያህል ኦድ ተሰጥቷቸው ባዶ እጃቸውን የሚቀሩትን ክለቦች ስም የሚያስታውስ ግን የለም።

ካርዱን ማን ቆጠረ?

አቱል ጋዋንዴ አሜሪካዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው። በ2009 ያወጣው መጽሐፍ የሚያወራው ስለ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ነው፤ ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንድ በአንድ እየተነበበ ምልክት ስለሚደረግባት ዝርዝር። በ1935 የቦይንግ አዲስ የጦር አውሮፕላን ለሙከራ ተነስቶ ወዲያው ተከሰከሰ። አብራሪው ጀማሪ አልነበረም፤ አንድ መቆለፊያ መክፈት ረስቶ ነው። አብራሪዎች ዝርዝር መጠቀም የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ይህንኑ በስምንት ከተሞች በሚገኙ ስምንት ሆስፒታሎች ቀዶ ሕክምና ክፍሎች ሲሞክረው፣ የሞት መጠን ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወረደ።

የኢትዮጵያ ደጋፊ የዚህን መጽሐፍ ትምህርት በውድ ዋጋ ከፍሎበታል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2013 ዋልያዎቹ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፉ። ከሳምንት በኋላ ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 ሲረቱ ከተማው በደስታ ሰከረ። በዚያችው ዕለት ግን ከፊፋ መርዶ መጣ፤ በቦትስዋናው ጨዋታ ላይ በሁለት ቢጫ ካርድ መቀጣት የነበረበት ምንያህል ተሾመ ተሰልፏል። ሦስት ነጥብ ተቀነሰ። የኋላ ኋላ ማዕከላዊ አፍሪካን አሸንፈው ወደ መጨረሻው ዙር አለፉ፣ በናይጄሪያም ተሰናበቱ። ያን ቀን የጎደለው የኳስ ችሎታ አልነበረም። አንድ ወረቀት ነው። ማን ስንት ካርድ አለበት?

የኩታበሩ ልጅም ትኬት ከመቁረጡ በፊት የምትነበብ አንዲት ወረቀት ኪሱ ውስጥ ትኑር። ገንዘቡ የምን ነው? የነዳጅ ነው፣ የኪራይ ነው ወይስ የትርፍ? ይህን ቡድን የመረጥኩበትን ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ እችላለሁ? ደጋፊው ስለሆንኩ ነው? ትናንት የተበላሁትን ለማስመለስ ነው? ኦዱስ ምን እያለኝ ነው?

ኦዱ ምን እያለ ነው?

ሁሉም መጻሕፍት ተጠቃለው የሚያደርሱት እዚህች የመጨረሻዋ ጥያቄ ላይ ነው። አንድ ጨዋታ ለባለሜዳው 1.85፣ ለአቻ 3.50፣ ለእንግዳው 4.20 ተሰጠው እንበል። አንድን ለእያንዳንዱ ኦድ ማካፈል ነው። ባለሜዳው 54 በመቶ፣ አቻው 28.6፣ እንግዳው 23.8። ድምሩ? 106.4 በመቶ! ዕድል ከመቶ በላይ የሚሆንበት አገር የለም። ያቺ ትርፍ የአወራራጁ ድርሻ ናት። በአማካይ ከተያዘው 100 ብር 6 ብር ገደማ ወደ ቤቱ ትሄዳለች።

ስድስት ብር ምን አላት? በአንድ ጨዋታ ምንም የላት። አሥር ጨዋታ ሲደረደር ግን በእያንዳንዱ ላይ ትቆረጣለች። 100 ብር በአማካይ የምታወጣው 54 ብር ገደማ ብቻ ይሆናል። በሳምንት 100 ብር የሚያስይዝ ሰው በዓመት 5,200 ብር ያስይዛል። ሁሌ አሥር የሚደረድር ከሆነ ከዚህ ውስጥ 2,400 ያህሉ እንደማይመለስ ኦዱ ራሱ ነግሮታል። ልጁ እያንዳንዱን ጨዋታ 70 በመቶ የማወቅ ችሎታ አለው ብንል እንኳ፣ አሥሩም የመግባታቸው ዕድል ከመቶ ሦስት አይሞላም። «በአንድ ጨዋታ ተቃጠልኩ» የሚለው ልቅሶ እንግዲህ መጥፎ ዕድል አይደለም፤ የተለመደው ነው። ለጥቂት ቀረ የሚባለው ትኬት ላም አለኝ በሰማይ ነው። በዚህ ላይ መንግሥት አለ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከ1,000 ብር በላይ በሆነ የዕድል ጨዋታ ገቢ ላይ 15 በመቶ ጥሎ ነበር።

የፖከር ተጫዋቹና የትኬት ቆራጩ መንገድ የሚለያየው እዚህ ላይ ነው። በፖከር ጠረጴዛ ተጫዋች የሚገጥመው ተጫዋችን ነው፤ ቤቱ ድርሻውን ወስዶ ዳር ይቆማል። ከጎንህ ካለው ሰው በተሻለ ካሰብክ ልትበላው ትችላለህ። በውርርድ ቤት ግን የሚገጥሙት ዋጋ አውጪውን ራሱን ነው። ብሉምና ቤንሃም ዋጋውን የረቱት የሂሳብ ሊቃውንት ቀጥረው፣ ከባድ የመረጃ ክምችት ይዘው ነው። በአውሮፓ ብዙ አወራራጆች ደግሞ አዘውትሮ የሚያሸንፋቸውን ደንበኛ የሚያስይዘውን መጠን እስከ መገደብ ይደርሳሉ። ስለዚህ የፖከር ተጫዋቹን የሚያበለጽጉት መጻሕፍት፣ የኩታበሩን ልጅ በቅንነት ካነበባቸው፣ የሚነግሩት አንድ ነገር ነው፤ ለመዝናናት ከምታወጣው በላይ አታስይዝ፣ ቢቻል ጭራሽ ተወው።

አንዳንዱ «ታዲያ ለመተው ነው እንዴ ይህን ሁሉ ማንበብ? ቁማር ክፉ ነው ብሎ መምከር ይበቃ የለም?» ይል ይሆናል። አይበቃም። ምክርማ ከቤተሰብም ከሃይማኖት አባቶችም ሲሰጥ ኖሯል። የሚመከረው ልጅ ግን በልቡ «እናንተ ኳስ አታውቁም» ይላል። ሂሳቡን በገዛ እጁ የሠራ ልጅ ግን ለማን እንዲህ ይላል? «አያዋጣም» መባልና አለማዋጣቱን በብዕር አስልቶ ማየት አንድ አይደሉም። ደግሞም ማንበቡ የሚያስተወው ነገር ብቻ አይደለም፤ የሚሰጠውም አለ።

ቤቱ የሌለበት ጨዋታ

ፊሊፕ ቴትሎክ የሚባሉ ተመራማሪ ከዳን ጋርድነር ጋር በ2015 ባወጡት መጽሐፍ ስለ ተራ ሰዎች ይተርካሉ። በፖለቲካና በኢኮኖሚ ጉዳይ የወደፊቱን በመገመት ውድድር ላይ አንዳንዶቹ በጣም ድንቅ ውጤት አመጡ። ምሥጢራቸው ምን ነበር? «ይሆናል» «አይሆንም» አይሉም፤ በቁጥር ይናገራሉ። ግምታቸውን ይመዘግባሉ። አዲስ ነገር ሲሰሙ ሳያፍሩ ያስተካክሉታል። መጨረሻ ላይ ራሳቸውን ይቆጥራሉ።

ይህን ለማድረግ የትምህርት ቤት ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል። አምስት ጓደኛሞች በየሳምንቱ ከጨዋታ በፊት እያንዳንዱን ግምት በመቶኛ ይጻፉ። አርሰናል 70፣ አቻ 20፣ ተጋጣሚው 10። የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ ይቆጠር። «70 በመቶ» ተብለው ከተጻፉት 50 ጨዋታዎች 35 ገደማው ከገቡ ልጁ ራሱን ያውቃል። 25 ብቻ ከገቡ ይኩራራል ማለት ነው። 45 ከገቡ ደግሞ ፈሪ ነው። የተሸነፈው ሻይ ይጋብዛል። እዚህ ጨዋታ ላይ ከመቶ ስድስት የሚቆርጥ ቤት የለም። ሰው የሚገጥመው ሰውን ነው፣ ልክ እንደ ፖከሩ። የተሻለ ያሰበ ያሸንፋል!

መጻሕፍቱ አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ መሆናቸው እውነት ነው። ግን አካባቢው የተማረ ሰው ያጣ አይደለም። ደሴ ላይ ወሎ ዩኒቨርሲቲ አለ። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም ቱሉ አውሊያና መካነ ሰላም ላይ ካምፓስ ከፍቷል። አንድ ተማሪ ለእረፍት ሲመለስ የካህነማንን አንድ ምዕራፍ አንብቦ ጨዋታው እስኪጀምር ለጓደኞቹ ቢያወጋ ምን ይከብደዋል? «ፍቅር እስከ መቃብር»ማ ትርጉምም አይፈልግ።

የስፖርት ገጾችና የስፖርት ሬዲዮኖችም የቤት ሥራ አለባቸው። በየሳምንቱ «የማይቀር» ትንበያ ከማውጣት፣ ያለፈው ሳምንት ትንበያ ስንቱ እንደገባ ቢያትሙ አንባቢውን ይጠቅሙታል። ነቢይ ከመሆን ቆጣሪ መሆን ይሻላል። አዲስ የውድድር ዘመን ሲመጣ ክለቦች ተጫዋች ያስፈርማሉ፣ ደጋፊም ማሊያ ይገዛል። የኩታበሩ ልጅ ደግሞ በአንድ ቅዳሜ ትኬት ዋጋ ደብተር ይግዛ፤ የመጀመሪያውን ግምቱንም ዛሬውኑ ይጻፍበት።

መልካም ጨዋታ፣ መልካም ንባብ!